የመድፉ ጎዳና፤ ከጋይንት እስከ ኢዮጴ
(በሬዲዮ ከተሰማ የታሪክ ንግግር)



በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንድ ጸሐፊ ወደ ሩቅ አገር የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሰው «ተዛወርሁ» አይልም፤ «ተጋዝሁ» ይላል። ወዳጆቹም «አይዞህ፥ ያልፋል» እያሉ ይሸኙታል። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ያው ሰው በሄደበት አገር ትዳር ይዞ፥ ጎጆ ቀልሶ፥ የክርስትና ልጅ አንሥቶ ይገኛል፤ ወደ አዲስ አበባ ተመለስ ቢሉትም ምክንያት ይደረድራል። ግዞተኛና ሰፋሪ የሚባሉት ሁለት ስሞች ከሩቅ ሲያዩዋቸው የተራራቁ ይመስላሉ እንጂ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ስሞች ናቸው።

በዚህ ነገር በዓለም ላይ ትልቁ ምሳሌ የእንግሊዝ መንግሥት የአውስትራልያ ግዞት ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1788 እስከ 1868 ድረስ፥ በ80 ዓመት ውስጥ፥ 162,000 ያህል የተፈረደባቸው ሰዎች በመርከብ እየተጫኑ ወደዚያ ሩቅ ምድር ተልከዋል። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ትንሽ ነገር የሰረቁ ድኾች ነበሩ። የቅጣት ዘመናቸውን ከፈጸሙት ውስጥ ወደ አገራቸው የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት እዚያው መሬት ይዘው፥ በግ አርብተው፥ ባለቤትና ባለርስት ሆነዋል። ያ መሬት አስቀድሞ የሌሎች ሕዝቦች ርስት እንደ ነበረ ግን መዘንጋት አይገባም።

ከግዞተኞቹ መርከቦች የመጨረሻዪቱ ሁጉሞንት ትባላለች። 280 ያህል እስረኞችን ጭና በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት መባቻ ከእንግሊዝ አገር ተነሣች፤ በጥርም መባቻ ፍሪማንትል ከሚባለው ከምዕራብ አውስትራልያ ወደብ ደረሰች። የዘመኑን አቈጣጠር ልብ ይበሉልኝ። ይህች መርከብ ገመዷን ፈትታ ከወደብ በወጣችበት ሰሞን፥ ዐጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሠራዊታቸውንና መድፎቻቸውን ይዘው፥ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ከመድፉ ኋላም ሌሎች ግዞተኞች ይከተሉ ነበር። እነዚህ በፍርድ ቤት የተፈረደባቸው ወንጀለኞች አልነበሩም፤ ነገር ግን መሄድ የማይችሉ፥ መቅረትም የማይፈቀድላቸው ሰዎች ነበሩ። በዛሬው ንግግሬ የምተርክላችሁ ስለ እነርሱ፥ ይልቁንም ከእነርሱ መካከል ስለ አንዲት ሴት ነው።

ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኝ ስፍራ ናት። ዐጼ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ኤውሮጳውያንን ሰብስበው ያኖሩባት፥ ብረት የሚቀልጥባት፥ ጋሪ የሚሠራባት፥ የአገር ልጆችም ሥራ የሚማሩባት መንደር ነበረች። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በስዊስ አገር በክሪሾና የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከእጅ ሥራ ጋር የተማሩ፥ ከዚያም በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ወደ አገራችን የላካቸው ወጣቶች ነበሩ። አመጣጣቸው ወንጌል ለማስተማር ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። በመጀመሪያ መንገድ አሠሯቸው፤ ቀጥለውም መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። «አናውቅም» ቢሉም ምክንያታቸው አልተሰማም። ተሞከረ፤ ከሸፈ፤ እንደገና ተሞከረ፤ በመጨረሻም ተሳካ። ከመድፎቹም ሁሉ የሚበልጠው ሴቫስቶፖል ተብሎ ተሰየመ፤ ክብደቱም 70 ኩንታል ያህል ነው። ስሙ የተወሰደው እንግሊዝና ፈረንሳይ ከመስኮብ ጋር በተዋጉበት ጦርነት ብዙ ጊዜ ከተከበበው የክሬሚያ ምሽግ ነው።

በዚያች መንደር የነበሩት የቫልድማየር፥ የዛልሙለር፥ የቤንደር፥ የማየርና የፈረንሳዊው የቡርጎ ስሞች በታሪክ መጻሕፍት ተደጋግመው ይገኛሉ። ከእነርሱ ጋር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1838 በክራኮው ከተማ የተወለደ፥ በትውልዱ አይሁዳዊ የሆነ፥ በኋላም ክርስትናን የተቀበለ ሞሪትስ ሆል የሚባል ፖላንዳዊ ነበር። መድፍ በማቅለጥ ሥራ ከዋነኞቹ አንዱ እርሱ ነው።

ብዙዎቹ በአገራችን ትዳር ይዘዋል። ቫልድማየር ያገባው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይባል የነበረውን፥ ለንጉሠ ነገሥቱ ሲል የሞተውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው። ሞሪትስ ሆል ደግሞ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን አገባ። የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አባት ኤድዋርድ ሳንደር የተባለ የጀርመን ሠዓሊ ነው። በመጀመሪያ በደጃዝማች ውቤ ቤት የኖረ፥ ደጃዝማች ውቤም በደረስጌ ድል ከሆኑ በኋላ ለዐጼ ቴዎድሮስ ያደረ ሰው ነው። እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። እንግዲህ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከዚህ አገር ተወልደው፥ በዚህ አገር ቋንቋ አፋቸውን ፈትተው፥ በዚህ አገር ያደጉ ናቸው። በባዕዳን መጻሕፍት ስማቸው ካታሪና ተብሎ ስለ ተጻፈ አንባቢ በስሙ እንዳይሳሳት አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በንጉሠ ነገሥቱና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተነሣው ጠብ ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ አላስረዝመውም። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ፤ ለማስፈታት የመጣው ራሳምም ከጓደኞቹ ጋር መቅደላ ላይ ታሰረ። የጋፋት ሰዎች እስከዚያ ድረስ በክብርና በስጦታ ይኖሩ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ግን እነርሱም ከመንደራቸው ተነሥተው ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ፤ ንብረታቸውም ተያዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሠራተኛና በእስረኛ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ።

 የመድፉ ጎዳና የነካው ጋይንትን ነው። ከደብረ ታቦር የተነሣ መንገደኛ የጉናን ተራራ በጎን ትቶ ወደ ምሥራቅ ሲያመራ፥ አገሩ ሰፊ ደጋ ሆኖ ይቀበለዋል፤ ገብስ የሚዘራበት፥ ሌሊቱ የሚበርድበት፥ ከተማውን እንኳ ነፋስ መውጫ ብለው የሰየሙበት አገር ነው። ከዚያ በኋላ ምድሩ በድንገት ይሰበራል። ጨጨሆ ከጥንት ጀምሮ የበጌምድር በር ሲባል የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግራና ቀኙ ገደል ነው። በደርግ ዘመን ቻይኖች ከወረታ እስከ ወልድያ የሠሩት መንገድ በዚያ ያልፋል። እኔም አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሳልፍ፥ ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት «ጨጨሆ መድኃኔ ዓለም» እያሉ አማተቡ። እኔ ደግሞ፥ ሞተር የጨነቀውን ይህን ዳገትና ቁልቁለት የሰው ትከሻ 70 ኩንታል ብረት ይዞ እንዴት አለፈው እያልሁ አስብ ነበር።

ያለፈውም እንዲህ ነው። መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መድፉ ከመሄዱ በፊት መንገዱ መሠራት ነበረበት። ድንጋዩ ተፈለጠ፤ ጉድባው ተሞላ፤ ዛፉ ተቆረጠ። ዐጼ ቴዎድሮስ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉና ያነሡ እንደ ነበር ያዩት ሁሉ ጽፈዋል። መድፉ የጋፋት ሠራተኞች በሠሩት ጋሪ ላይ ተጭኖ፥ እስከ 500 የሚደርሱ ሰዎች በጠፍርና በገመድ ይጎትቱት ነበር። ዳገት ሲሆን ከፊት መሳብ ነው፤ ቁልቁለት ሲሆን ግን ሥራው ይብሳል፤ ከኋላ ሆኖ ይዞ ማስቀረት ነውና። ገመዱ የተበጠሰ እንደ ሆነ ከፊት ላለው ሰው መሸሻ የለውም። ከደብረ ታቦር መቅደላ አንድ ነጋዴ ከነአጋሰሱ በጥቂት ሳምንታት የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ።

ጉዞው የተጀመረው በመኸር መግቢያ ነበር። የደጋው ገብስ ገና በማሳው ሳለ ሠራዊት በአገር ላይ ሲያልፍ የሚሆነውን ነገር ለባላገር ልጅ ማስረዳት አያሻም። በጌምድር ከዚያ በፊት በተከታታይ ዘመቻ ተራቁቶ ነበር፤ ሕዝቡም ስለ ሸፈተ ንጉሠ ነገሥቱ ያዝኑለት አልነበረም። ስለ ሴቫስቶፖል በጻፉ ብዙ መጻሕፍት የንጉሡ ጽናትና የኤውሮጳውያኑ ጭንቀት ሰፊ ቦታ ይዟል። በእኔ አስተያየት ጎተራው የተገለበጠበት የጋይንት ገበሬ ነገር ከዚያ የሚያንስ ጉዳይ አልነበረም።

ከሠራዊቱ ጋር የጋፋት ሰዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ይጓዙ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በዚያ ጊዜ እርጉዝ ነበሩ። ልጃቸው በሚያዝያ ስለ ተወለደች፥ ወራቱን ወደ ኋላ የቈጠረ ሰው ይህን ያገኘዋል፤ ከደብረ ታቦር ሲነሡ ጽንሱ የሦስት ወር ያህል ነበር፤ የጋይንትን ብርድ፥ የዘቢጥን አቀበት፥ የዋድላን ሜዳ፥ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ከነጽንሳቸው አለፉ። ባላቸው የሠራውን መድፍ ሰው እየጎተተው፥ እርሳቸውም ከኋላው።

መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ዓርብ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ስቅለት በዋለበት ዕለት፥ በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ ሠራዊት ጋር ወደቁ። ያ ሁሉ ድካም የወጣበት ሴቫስቶፖል በዚያ ቀን አንዳች ጥቅም አልሰጠም። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር በአገሩ ያሉት ኤውሮጳውያን ሁሉ ይሰጡኝ ብሎ ጠየቀ፤ ቅዳሜና እሑድ ፋሲካም እስረኞቹና የጋፋት ሰዎች ከነቤተ ሰባቸው ወደ እንግሊዝ ሰፈር ወረዱ። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ዐጼ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞታቸውን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው አረፉ። የሆልና የወለተ ኢየሱስ ሴት ልጅ የተወለደችው በዚያው ሰሞን በመቅደላ ነው። ስሟንም ማግደሌና አሏት። ስሙ የወንጌል ስም ነው፤ ሆኖም የአምባው ስም ከውስጡ እንደሚሰማ አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ።

በለንደን ጋዜጦች የተጻፈው ቃል «እስረኞቹ ነጻ ወጡ» የሚል ነው፤ ለካሜሮንና ለራሳም እውነት ነው። ለሞሪትስ ሆልም እውነት ነው እንበል፤ ምንም እንኳ በዚህ አገር ሥራና ትዳር ያገኘ ሰው ቢሆን። ለወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን ነጻነቱ ከምን ነው? እርሳቸውን ያሰረ ሰው ቢኖር የባላቸው መታሰር ነው። ከአራስ ልጅ ጋር በእንግሊዝ ጦር ታጅበው በላስታና በትግራይ በኩል ወደ ዙላ ሲወርዱ፥ ባሕር አይተው መርከብ ሲሳፈሩ፥ የሚሄዱት ወደ አገራቸው አልነበረም፤ ከአገራቸው ነበር። አባታቸው ሳንደርም በዚያው በፈረንጆች 1868 ዓመት አረፈ። በመቅደላ የተማረከው ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመት ዕድሜው መሞቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅም በመንገድ ላይ መሞታቸውን እናስታውሳለን። ብራናዎቹና ዘውዶቹም እስከ ዛሬ ያነጋግራሉ። የጋፋት ሰዎች ሚስቶችና ልጆች ግን «ከተፈቱት» ጋር ስለ ተቈጠሩ፥ ከተወሰዱት ጋር የሚቈጥራቸው አልተገኘም።

ሆልና ቤተ ሰቡ ያረፉት በኢዮጴ ነው፤ ዛሬ ያፋ ትባላለች። ነቢዩ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ለመሸሽ መርከብ የተሳፈረባት፥ የኢየሩሳሌም ተሳላሚም በባሕር ሲመጣ የሚወርድባት ወደብ ናት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1866 ከአሜሪካ የመጡ ሰፋሪዎች በዚያች ከተማ አጠገብ የእንጨት ቤቶች ሠርተው መንደር ቆርቁረው ነበር፤ በሽታና ችግር ሲበዛባቸው ተበተኑ። በ1869 ቤቶቹን ቴምፕለር የሚባሉ የጀርመን ማኅበርተኞች ገዙአቸውና የጀርመን ሰፈር ሆነ። የጋፋቱ መድፍ ሠሪ በዚህ ሰፋሪዎች ባሉበት ከተማ ነጋዴ ሆኖ፥ ብዙ ልጆች አፍርቶ፥ በፈረንጆች 1914 እስኪሞት ድረስ ኖረ። ጓደኛው ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፥ በአስፉሪዬም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቁሟል። መድፍ አቅልጥ የተባለ ሰው በስተመጨረሻው የሠራውን ሲያዩት ንጉሡ የወሰዱበትን ዘመን ያስመለሰ ይመስላል።

ማግደሌና በኢዮጴ አደገች። ፕላቶን ኡስቲኖቭ የሚባል የመስኮብ መኳንንት ወገን፥ ሃይማኖቱን ስለ ለወጠ ከአገሩ የወጣ ሰው አገባት። እርሱም ሌላ ስደተኛ መሆኑ ነው። ሰውዬው ትልቅ የአትክልት ቦታ ያለው ሆቴል ነበረው፤ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም በ1898 ቅድስት አገርን ሲጎበኝ በኢዮጴ ያረፈው በዚያ ሆቴል ነው። በመቅደላ አምባ በጦርነት ሰሞን የተወለደችው ልጅ የቤቱ እመቤት ነበረች። ልጇንም ዮናስ አለችው። የዮናስ ልጅ ደግሞ በሲኒማ የታወቀው ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ በፈረንጆች 1921 በለንደን ተወልዶ በ2004 አረፈ፤ የኦስካርን ሽልማት ሁለት ጊዜ ተቀብሏል። በሕይወት ታሪኩም የኢትዮጵያ ደም እንዳለበት አልደበቀም። ኔሮን ቄሣርን ሆኖ የሠራበትን ፊልም ያየ አንባቢ፥ በዚያ ፊት ላይ ከጋይንት ጎዳና ያለፈች ሴት ትውልድ እንዳለ አስቦ አያውቅ ይሆናል።

ከቤተ ሰቡ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰም አለ። ዳዊት ሆል የተባለው ልጃቸው በአዲስ አበባ በመንግሥት አማካሪነት ሠርቷል። በፈረንጆች 1935 የኢጣልያ ጦር ድንበራችን ላይ ሲከማች፥ ሌሎች መንግሥታት መሣሪያ አንሸጥም ባሉበት ጊዜ፥ በሐምሌ ወር በምስጢር ወደ በርሊን ተልኮ ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ የሚገዛበትን ብድር የጠየቀው እርሱ ነው፤ ጥያቄውም ተፈቀደ። ሂትለር ይህን ያደረገው ኢትዮጵያን ወዶ አይደለም፤ ኢጣልያ በአፍሪካ እንድትደክምለት ፈልጎ እንጂ። አባት በጋፋት ለአንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መድፍ አቀለጠ፤ ልጅ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ለሌላው ጠመንጃ ፈለገ። አባትየው ተገድዶ ነበር። ልጁን ግን ማን አስገደደው? የእናቱ አገር ነው።

የኢዮጴ የጀርመን ሰፈር ፍጻሜ ቀርቶኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መንግሥት በፍልስጥኤም ያሉትን ጀርመናውያን እንደ ጠላት ቈጥሮ ያዛቸው። በፈረንጆች 1941፥ እኛ ከፋሺስት አገዛዝ በወጣንበት ዓመት፥ ከቴምፕለር ሰፋሪዎች ከ500 የሚበልጡትን፥ ሴቶችንና ልጆችን ጨምሮ፥ ኩዊን ኤልሳቤጥ በተባለችው ታላቅ መርከብ ጭኖ ወደ አውስትራልያ ላካቸው። በቪክቶሪያ ታቱራ በምትባል ስፍራ በእሾህ ሽቦ ውስጥ ተቀመጡ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ እዚያው ቤት ሠርተው ሰፈሩ።